ደም ቅዳን ቋጥረው ውሃን በጠብታ የለኩ፦ የዶክተር ሩዶልፍ ማታስ ሕይወትና ሥራ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩት እንስራ ውሃ ሲሞላ ላብ ላብ ይለዋል። ውሃው በዓይን በማይታዩት የሸክላው ቀዳዳዎች እየሰረገ ይወጣል፤ ወጥቶም በአየር ይተናል፤ በመትነኑም በውስጥ የቀረውን ያቀዘቅዛል። እንስራው ሳይሰነጠቅና ማንም ሳይቀዳበት በማግስቱ ጎድሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የሰው ገላም በዚህ ረገድ ከእንስራው ብዙ አይለይም፤ በቆዳና በትንፋሽ የሚወጣው ውሃ ሳይታይ ይሄዳል። ጤነኛ ሰው ጉድለቱን በጥማት ያውቃል፤ ጠጥቶም ይተካዋል። በልቡ ላይ፣ ወይም አኦርታ በሚባለው ከልብ በሚነሣው ታላቅ ደም ቅዳ ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገለት በሽተኛ ግን ማደንዘዣ ይዞታልና ጥማቱን አይናገርም። ከነቃም በኋላ አንጀቱ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ እንደ ልቡ መጠጣት አይችልም። ስለዚህ የጎደለውን ያህል፣ ከጎደለውም ያላለፈ ውሃ ሌላ ሰው ለክቶ ሊሰጠው ግድ ይሆናል። ቢያንሰው ኩላሊቱ ይጎዳል፤ ቢበዛበት ሳንባው ውሃ ይቋጥራል።

ይህን ልክ ከቀዶ ጥገናው እኩል ከቆጠሩት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ በአሜሪካ አገር በኒው ኦርሊንስ ከተማ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ዶክተር ሩዶልፍ ማታስ ናቸው። ስማቸው በቀዶ ጥገና ታሪክ ውስጥ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚወሳው የደም ሥር ሕክምና አባትነታቸው ነው። ነገር ግን የደም ሥሩን ሥራና የውሃውን ሥራ አንድ ሰው በአንድ ዘመን አጣምሮ መያዙ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። የፈሳሽን ጠባይ በቧንቧ ውስጥ የሚያጠና መሐንዲስ ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ለመረዳት አይቸገርም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር ማታስ መስከረም 12 ቀን 1860 በሉዊዚያና ግዛት፣ ከኒው ኦርሊንስ ብዙም በማይርቅ የእርሻ ሥፍራ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከስፔን አገር ከካታሎኒያ የመጡ ሲሆኑ፣ አባታቸው ሐኪም ነበሩ። የልጅነት ዘመናቸው ከአገር ወደ አገር በመዘዋወር ያለፈ ነው፤ ጥቂት ዓመታት በአውሮፓ፣ ከዚያም በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ላይ ኖረዋል። ከዚህ መንከራተት የተረፋቸው ሀብት ቋንቋ ነው። ስፓኒሽኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ማወቃቸው ገና በተማሪነታቸው ለታላቅ ጉዳይ አበቃቸው። በ1879 የአሜሪካ መንግሥት ስለ ቢጫ ወባ የሚያጠና ጓድ ወደ ሃቫና ሲልክ ወጣቱ ተማሪ አብረው ተጓዙ። በዚያም ካርሎስ ፊንላይ ከተባሉት የኩባ ሐኪም ጋር ተዋወቁ። ፊንላይ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት የሚለውን አሳባቸውን በ1881 ይፋ ባደረጉ ጊዜ አብዛኛው የሕክምና ዓለም ጆሮውን ሲነፍጋቸው፣ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ማታስ ነበሩ። የፊንላይ እውነተኛነት በሙከራ የተረጋገጠው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ሲታሰብ፣ ተርጓሚው ሰሚ ያጣን አሳብ በትዕግሥት የማዳመጥ ጠባይ እንደ ነበራቸው መገመት ይቻላል። ይህ ጠባያቸው በኋላ በውሃው ጉዳይም ተመልሶ ታይቷል።

በ1880፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በኋላ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ከተባለው የሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ሥራቸውም ከድሆች መታከሚያ ከቻሪቲ ሆስፒታል ጋር ተቆራኘ።

በ1888 ወደዚሁ ሆስፒታል ክንዱ በጥይት ፍንጣሪ የተመታ አንድ ወጣት የእርሻ ሠራተኛ መጣ። በቆሰለው ደም ቅዳ ላይ እንደ ከረጢት ያበጠና የሚመታ እብጠት ወጥቶበት ነበር። የዘመኑ ሕክምና ደም ቅዳውን ከእብጠቱ በላይ መቋጠር ነው፤ ተቋጠረ፤ ይሁን እንጂ የልብ ምቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ እብጠቱ ተመለሰ። ከእብጠቱ በታችም ተቋጠረ፤ አልተሳካም። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው። ከዋናው መሥመር ላይ በላይም በታችም ቢዘጋ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ቅርንጫፎች እስካሉ ድረስ ፈሳሹ መንገድ አያጣም። ማታስ ከረጢቱን ከፈቱት፤ ደሙ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ከውስጥ አንድ በአንድ ፈልገው ሰፏቸው። በሽተኛው ክንዱ ሳይቆረጥ ዳነ። ይህ ዘዴ ስማቸውን ዘለዓለማዊ ያደረገ ነው፤ ሆኖም እሳቸው አጠቃላይ ስልት አድርገው ለአሜሪካ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር ያቀረቡት በ1902፣ ይኸውም ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። በአንድ በሽተኛ መዳን ብቻ ደንብ ለማውጣት አልቸኮሉም።

የደም ሥሩ ሥራ ይህን ያህል ሲታወቅ፣ በዚያው በ1888 በዚያው ሆስፒታል የተጀመረው ሌላ ሥራ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ከሰኔ 1888 እስከ ሰኔ 1891 ድረስ ማታስ ደም ለፈሰሳቸውና ለተዝለፈለፉ በሽተኞች በደም መልስ በኩል የጨው ውሃ መስጠትን ሲከታተሉ ቆይተው፣ ውጤቱን በ1891 በኒው ኦርሊንስ የሕክምና መጽሔት አወጡ።

አሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1831 ኮሌራ እንግሊዝ አገር በገባ ጊዜ ኦሾነሲ የተባለ ወጣት ሐኪም የታማሚዎችን ደም መርምሮ ውሃውና ጨዉ እንደ ጎደለው አረጋገጠ። በተከታዩ ዓመት ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቶማስ ላታ ይህንኑ ጉድለት በደም መልስ በኩል በቀጥታ ሞላ፤ ለሞት የተቃረቡ ሰዎች ሲነቁም አየ። ነገር ግን ብዙዎቹ ተመልሰው ሞቱ። የኮሌራው ተቅማጥ ውሃውን ማፍሰሱን ሳያቆም የሐኪሙ ምላሽ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያ ላይ ላታ ራሱ በ1833 ሞተ፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ሥራው ተረሳ። ላታ ያገኘው ነገር ውሃ የሚሞላበትን ቀዳዳ ነው፤ የጎደለው ደግሞ ውሃው ሳይቋረጥ፣ በጊዜ ተለክቶ የሚገባበት ስልት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ሐኪሞች ውሃውን ከቆዳ ሥር በመርፌ፣ ወይም በፊንጢጣ በኩል ቀስ እያደረጉ ያስገቡ ነበር። የቺካጎው ጆን መርፊ በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሆድ ዕቃ ብግነት የያዛቸውን ብዙ በሽተኞች ረድተዋል። ይሁን እንጂ ደሙ በሸሸበት አንጀትና ቆዳ ውሃ በፍጥነት ስለማይሰርግ፣ ከሁሉ የበለጠ ውሃ የሚያስፈልገው በሽተኛ ከሁሉ ያነሰ ይደርሰው ነበር።

ማታስ በ1895 በቱሌን የቀዶ ጥገና መምህር ሆነው ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማሩ። በ1899 በአከርካሪ አጥንት በኩል ማደንዘዣ በመስጠት በአሜሪካ ከቀደሙት ውስጥ ነበሩ። ደረት ሲከፈት ሳንባ እንዳይጨማደድ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያም አሻሽለዋል። ደም ቅዳ ከመቋጠሩ በፊት አማራጭ መሥመሮቹ ደሙን መሸከም ይችሉ እንደሆነ ዋናውን ለጊዜው ተጭኖ መመርመሪያ ዘዴ አውጥተዋል። ድልድይ ከመመረቁ በፊት ጭነት ጭኖ መፈተን እንደ ማለት ነው።

በ1908 ታላቅ ጉዳት ደረሰባቸው። በቀዶ ጥገና ላይ ሳሉ ከበሽተኛ የተላለፈባቸው ተሕዋስ አንድ ዓይናቸውን ስላጠፋው ዓይኑ እንዲወጣ ሆነ። ጥልቀትን ለመገመት ሁለት ዓይን እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው፤ የደም ሥር ስፌት ደግሞ ከጥልቀት ግምት ሌላ መሠረት የለውም ለማለት ይቻላል። ማታስ ግን ሥራቸውን አልተዉም። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠውንም የሠሩት በአንድ ዓይን ነው።

ይህም ሥራ ሚያዝያ 9 ቀን 1923 የተደረገው ነው። የ28 ዓመት ወጣት የሆነች ሴት አኦርታዋ በሆድ ውስጥ ለሁለት በሚከፈልበት ሥፍራ አብጦ ሊፈነዳ ተቃርቦ ነበር። አኦርታን ለመቋጠር ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1817፣ እንግሊዛዊው አስትሊ ኩፐር ሞክረው በሽተኛው ከ40 ሰዓት በላይ ሊቆይ አልቻለም። ከእሳቸው በኋላ የሞከሩትም አልሰመረላቸውም። ማታስ በ62 ዓመታቸው የዚህችን ሴት አኦርታ ቋጠሩ፤ ሴትዮዋም ዳነች። የሞተችው ከቀዶ ጥገናው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሲሆን፣ የሞቷም ምክንያት የሳንባ ነቀርሳ እንጂ እብጠቱ አልነበረም። ማታስ ይህን ሁሉ ለሙያ ጓደኞቻቸው ሲያስታውቁ ቀኑን ሳይቀር ቆጥረው መጻፋቸው የጠባያቸው ምስክር ነው።

በተከታዩ ዓመት በ1924፣ አናልስ ኦፍ ሰርጀሪ በተባለው መጽሔት ላይ ሳያቋርጥ በጠብታ በደም መልስ ስለሚገባ ፈሳሽ የጻፉት ወጣ። ዛሬ በአገራችን በየሆስፒታሉ ሕዝቡ በተለምዶ ግሉኮስ ብሎ የሚጠራው ተንጠልጣይ ጠርሙስና ቱቦ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። መሐንዲስን ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የጽሑፉ ሁለተኛ ክፍል ነው። ማታስ በደም መልስ ስለሚገባው ፈሳሽ በጻፉበት በዚያው ጽሑፍ፣ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ በሚወርድ ቱቦ ስለሚወጣው ፈሳሽ ጭምር ጽፈዋል። ከታላቅ ቀዶ ጥገና በኋላ አንጀት ለጊዜው ሥራ ሲያቆም ጨጓራ በፈሳሽ ይሞላል፤ በሽተኛው ያስታውካል፤ የሚወጣው ግን አልጋ ልብስ ላይ ፈስሶ ስለሚቀር ማንም አይለካውም። ቱቦው ሲገባ የሚወጣው በዕቃ ይጠራቀማል፤ ይለካል። መግቢያና መውጫው ከታወቀ በኋላ በገላው ውስጥ የቀረውን ማስላት የመደመርና የመቀነስ ሥራ ብቻ ነው። የግድብ ጠባቂ የወንዙን ገቢና የበሩን ወጪ ሳይመዘግብ ስለ ውሃው ከፍታ ይናገር ዘንድ እንደማይችል ሁሉ፣ ሐኪሙም ከዚህ በፊት በግምት ይሠራ ነበር።

የጠብታው መሣሪያ አሠራር እጅግ ቀላል ነው። ጠርሙሱ ከበሽተኛው ክንድ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ቢሰቀል የውሃው ዓምድ በግምት የ74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ይሰጣል፤ በክንድ ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ፈሳሹ ይገባል። ኒው ኦርሊንስ ከባሕር ወለል ጋር የተካከለች ከተማ ናት፤ ቀጨኔ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አየሩ በጠርሙሱም በክንዱም ላይ እኩል ስለሚጫን ልዩነቱ ይጣፋል፤ ያው አንድ ሜትር በሁለቱም ከተሞች ያንኑ ያህል ይሠራል። ልዩነት የሚያመጣው የመርፌው ውፍረት ነው፤ የቀዳዳው ስፋት በእጥፍ ሲጨምር በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ደም በብዛት ለፈሰሰው በሽተኛ ሐኪሞች ወፍራም መርፌ የሚመርጡት በዚህ ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁጠር ነው። ዛሬ በብዙ ሥፍራ በሚሠራበት ቱቦ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ አንድ ሊትር በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ከተባለ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ መውረድ አለበት ማለት ነው። ይህንንም ነርሷ በእጅ ሰዓቷ ታረጋግጣለች።

ከፍታው በጠብታው ላይ ለውጥ ባያመጣም በውሃው ንጽሕና ላይ ያመጣል። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነው፤ ስለዚህ በክፍት ዕቃ ማፍላት በባሕር ወለል ላይ ካለው ያነሰ ኃይል አለው። ወደ ደም የሚገባ ፈሳሽ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ አውቶክሌቭ ካልተቀቀለ አይታመንም። ይህም ቢሆን ብቻውን እንደማይበቃ የታወቀው ማታስ ጽሑፋቸውን ሊያወጡ ሲቃረቡ ነው። የጨው ውሃ የተሰጣቸው በሽተኞች ምክንያቱ ባልታወቀ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይንቀጠቀጡ ነበር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፍሎረንስ ሳይበርት በ1923 ባወጡት ጥናት፣ ትኩሳቱ የሚመጣው በተጣራ ውሃ ውስጥ አድገው ከሞቱ ባክቴሪያዎች ከሚቀረው ነገር መሆኑን አሳዩ። ባክቴሪያው በእሳት ቢሞት እንኳ ቅሪቱ አይጠፋም፤ ውሃው ሲጣራ ጀምሮ መጠበቅ አለበት። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ስንት ሐኪም የውሃን ጥቅም አይቶ በትኩሳቱ ምክንያት እንደ ተወው መገመት አያዳግትም።

ማታስ ከመምህርነት በ1927 ሲያርፉ ቦታቸውን የያዙት አልተን ኦክስነር ነበሩ። በዚያው በቱሌን ማይክል ደበኪ የተባለ የሊባኖሳውያን ስደተኞች ልጅ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ የጎማ ቱቦን በሚሽከረከር ጎማ እየጨመቀ ደም የሚገፋ ፓምፕ ለደም መስጫ አዘጋጀ። ፓምፑ በ1953 በፊላደልፊያ የልብን ሥራ ለጊዜው ተክቶ ሰው ላይ በተሳካ ሁኔታ በሠራው የጆን ጊበን መሣሪያ ውስጥ ገባ። ማታስ በዚያ ጊዜ የ92 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ።

ልብ ቆሞ ደሙ በመሣሪያ ሲዞር የውሃው ጥያቄ ይበልጥ ከበደ። መሣሪያው ራሱ ቱቦዎቹን ለመሙላት ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ይህም የበሽተኛውን ደም ያቀጥነዋል። ደሙ ከሰው ሠራሽ ዕቃ ጋር በመነካካቱ ረቂቆቹ የደም ሥሮች ያፈስሳሉ። በዚህ ምክንያት በሽተኛው እጅና ፊቱ በውሃ አብጦ ሳለ የደም ሥሮቹ ውስጥ ግን ውሃ ሊጎድለው ይችላል። በአኦርታ ቀዶ ጥገና ደግሞ ደም ቅዳው ከኩላሊት በላይ ሲያዝ ኩላሊቱ ለዚያ ሁሉ ጊዜ ደም ያጣል፤ ቀድሞ የደረቀ በሽተኛ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። የማታስን መጽሔት ያነበበ ትውልድ ካለፈ በኋላ በብዙ አገር ሐኪሞች ከልክ በላይ ወደ መስጠት አዘነበሉ፤ ጠርሙሱ በቀላሉ የሚገኝ ሆኖ ነበርና። በ2003 በዴንማርክ የወጣ ጥናት በአንጀት ቀዶ ጥገና ፈሳሽ የተቆጠበላቸው በሽተኞች የደረሰባቸው ጉዳት ያነሰ መሆኑን ሲያሳይ፣ መቆጠብ ደግሞ ፋሽን ሆነ። በ2018 ወደ 3,000 በሚጠጉ ታላቅ የሆድ ቀዶ ጥገና ባደረጉ በሽተኞች ላይ በተደረገው ጥናት ግን፣ በጥብቅ ከተቆጠበላቸው ውስጥ 8.6 በመቶው ኩላሊታቸው በድንገት ሲጎዳ፣ በለጋስነት ከተሰጣቸው ውስጥ የተጎዱት 5 በመቶ ናቸው። ከሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀመስ የሚያዘው የቀድሞው ደንብም በዚህ መካከል ተሻሽሏል፤ ንጹሕ ውሃን የመሰለ መጠጥ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ መውሰድን የአሜሪካ ማደንዘዣ ሐኪሞች ከ1999 ጀምሮ ፈቅደዋል።

በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በተከፈተው የልብ ማዕከል ቀዶ ጥገና ከሚደረግላቸው ሕፃናትና ወጣቶች ብዙዎቹ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልባቸው በር የተበላሸባቸው ናቸው። የተዳከመ ልብ ያለው ልጅ በውሃ መብዛት ይጨነቃል፤ በውሃ ማነስም ይወድቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። በዚህ ላይ የደጋው አየር ደረቅና ስስ በመሆኑ ትንፋሽ ፈጥኖ ሲመላለስ ከቆላው ይልቅ ብዙ ውሃ ይዞ ይወጣል።

ደበኪ ራሳቸው የዚህን ጠባብ መንገድ ምሬት ቀምሰውታል። የአኦርታ ቀዶ ጥገናን ካስፋፉት ሐኪሞች ዋነኛው የሆኑት እኚህ ሰው በ2006፣ በ97 ዓመታቸው፣ የራሳቸው አኦርታ ተሰንጥቆ በተማሪዎቻቸው እጅ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ቀዶ ጥገናው ሰመረ፤ ማገገሙ ግን ወራት ወሰደ፤ ኩላሊታቸውም ተዳክሞ ደማቸው በመሣሪያ እስኪጣራ ደርሶ ነበር። በ2008 አረፉ።

ማታስ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ በ1938 የዓለም አቀፍ የቀዶ ጥገና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው በብራስልስ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላም በኒው ኦርሊንስ ቤታቸው በመጻሕፍት ተከበው ኖሩ፤ የቱሌን ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ቤተ መጻሕፍቱን በ1937 በስማቸው ሰይሞታል። በመጨረሻው ዘመናቸው የቀረችው አንዲት ዓይናቸውም ፈዘዘችና ማንበብ ተሳናቸው። መስከረም 23 ቀን 1957፣ 97ኛ ዓመታቸውን ካከበሩ አሥራ አንድ ቀን ሲሞላ፣ በዚያው ከተማ ዐረፉ።